ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ጆሮ ወዲህ፣ ወሬ ወዲያ! ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! ምን ዝም ትሉኛላችሁ? ዛሬ ዝምታ የሚባል ነገር ገና ከጠዋቱ አናዶኛል። ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ይገባችኋል።

ድሮ ድሮ ነው። ስልክ ግድግዳ ላይ በገመድ ታስሮ በሚኖርበት፣ ዕቃውም እንስሳውም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። የሚኖረው ወይዘሮ አልጣሽ ከሚባሉ እናትና ስንዱ ከምትባል ልጃቸው ጋር ነው።

ስንዱ ከኮሌጅ ልትመረቅ ነው። ዓመት ሙሉ የለፋችበት የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ካላስረከበች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል። ኮምፒውተሩም ይህን ያውቃል፤ ልጅቷን ይወዳታላ!

ወይዘሮ አልጣሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቤታቸው የገባ ቀን «ይሄን የመሰለ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም!» ብለው ኪሮሻቸውን አነሡ። ዓቢይ ጾምን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው፣ ለፋሲካ ከአናቱ እስከ እግሩ የሚሸፍን ነጭ ዳንቴል አለበሱት። ስክሪኑ ብቻ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እጅዎ ይባረክ!» አለ። ኮምፒውተሩም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ ለብሶ መታየት ማን ይጠላል?

ኋላ ግን ሞቀው። ኧረ ሞቀው ብቻ!

ማክሰኞ ጠዋት ስንዱ እየጻፈች ሳለ ሆዱ ጋለ፣ ትንፋሹ አጠረ። «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!» አለና ድርቅ አለ። ስንዱ ቁልፉን ብትነካው፣ ብትደበድበው፣ ንቅንቅ የለም። ሶኬቱን ነቀለች፣ ሰካች። ወደ ሌላ ሶኬት ወሰደችው። አጠፋችው፣ አበራችው። ጥቂት ሠራና እንደገና «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!» ድርቅ። ጽሑፉን በዲስኬት ልትገለብጥ ብትሞክርም መሃል ላይ ድርቅ።

በሆዱ ውስጥ የምትሽከረከረው ማራገቢያ በሻከረ ድምፅ ጮኸች፦ «ወንድሜ፣ አየር የለኝም! ያቺ ዳንቴል መተንፈሻችንን ደፍናዋለች። ለእትዬ አልጣሽ ንገራቸው!»

«እንዴት ብዬ?» አለ ኮምፒውተሩ። «ስንት ሌሊት ዓይናቸውን ያፈሰሱበትን ሥራ አውልቁልኝ ልበል? ምን ይሉኛል?»

«ምንም ይበሉ! ተናገር!»

«ነገ» አለ። ቀስ ብሎ ወደ ዳንቴሏ ዞረና፣ «እኅት ዓለም፣ ካላስቸገርኩሽ ትንሽ ፈቀቅ ብትዪልኝ?» አላት።

«እኔ?» አለች ዳንቴል። «እኔ እኮ የሁለት ወር የእጅ ሥራ ነኝ! ካልተመቸህ አንተ ፈቀቅ በል።»

ከላይ የተጋደመችው ድመት ደግሞ አንድ ዓይኗን ከፈተች። በዚያ ቤት ከኮምፒውተሩ አናት የሚሞቅ ቦታ የለም፤ አልጋዋ እሱ ነው። «አይ አንተ፣ ስትነጫነጭ እንቅልፌን አባረርከው» አለችና መልሳ ተጠቀለለች።

ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ አልጣሽ ወንድም ጋሽ ዘለቀ መጡ። የማይሠራ ነገር ሁሉ ጥፊ ይበቃዋል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ የእኅታቸውን ሬዲዮ ስንት ዓመት በጥፊ አሠርተውታል። «ወዲያ በሉ!» አሉና ኮምፒውተሩን ጎኑን ጧ! ጧ! ጧ! አደረጉት። ምስኪኑ ዓይኑ ተገለባበጠ። ለአሥር ደቂቃ ሠራ። ጋሽ ዘለቀ «አላልኳችሁም?» ብለው ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!» ድርቅ።

ረቡዕ ሆነ። ስንዱ ከወንበሩ ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበሩ ትመላለሳለች። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ጥፍሯን ትበላለች። አንዴ የዳንቴሏን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች፤ እናቷ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ግን ቶሎ ለቀቀች። ኮምፒውተሩ ይህን አይቷል።

«ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

ድመት ከላይ ሆና ጆሮዋን አቆመች። ከዳንቴል የለሰለሰ ምኝታ ታይቷት ኖሯል! «እትዬ፣ ብርድ ነው የመታው» አለች። «መስኮቱ ክፍት አይደል? ነፋሱ በጀርባው ገብቶ ነው።»

«አፈር ስሆን! እውነትሽን ነው!» አሉና ወይዘሮ አልጣሽ መስኮቱን ጥርቅም አደረጉት። ይሄኔ ካላመናችሁኝ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ክፈቱና እዩ፤ ነፋስ የሚፈራ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ጋቢያቸውን አምጥተው ኮምፒውተሩን ከነዳንቴሉ ጀቦኑት። «ላብ ላብ ይበለው፣ ይሻለዋል።»

«አሁንስ?» አለች ማራገቢያ፣ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሶ። «አሁንስ አትናገርም?»

«ለእኔ ብለው እኮ ነው ጋቢያቸውን የሰጡኝ! አውልቁልኝ ብላቸው ቅር ይላቸዋል» አለ ኮምፒውተሩ፣ በላብ እየቀለጠ። አንድ መስመር እንኳ ሳያስጽፍ «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ!» ድርቅ። ስንዱ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። እሱም ማልቀስ አማረው፤ ግን ዝም አለ። አያናድድም? እኔን ያንገበግበኛል!

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ ተመልሰው መጡ። ዳንቴል ሲያልፉ ጠብቃ ሹክ አለቻቸው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ አርጅቷል። ቢሸጥ አይሻልም?» ሐሳቧ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ከሄደ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ልትወጣ፣ እንግዳ ሁሉ ሊያያት ነው።

ጋሽ ዘለቀ ግን ምክሯ እውነት መሰላቸው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ከውጭ «ቆራሌው! ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ፤ አሮጌ ዕቃ እየገዛ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰውዬ ነው። «ና ወዲህ!» ብለው ጠሩት።

«አጎቴ፣ ጽሑፌስ?» አለች ስንዱ።

«ከሞተ ዕቃ ምን ጽሑፍ ይወጣል? ለከርሞ ትመረቂያለሽ።»

ቆራሌው ገባ። ጋቢውን ገለጥ አደረገ፣ ጎኑን አንኳኳ፣ ጆንያውን ዘረጋ። ኮምፒውተሩ ጆንያውን አየ። የተሰባበረ ሬዲዮ፣ እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ አንድ እግር ጫማ። ቀና ሲል ስንዱን አየ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«የመጨረሻ ዕድልህ ነው፣ ተናገር!» አለች ማራገቢያ።

«እትዬ አልጣሽ!» ብሎ ጮኸ ኮምፒውተሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልታመምኩም! ዳንቴሉ አፈነኝ! ጋቢው አፈነኝ! ድመቷም ተኝታብኛለች! አየር ስጡኝ!»

ቆራሌው እንኳ ጆንያውን እንደያዘ ቀረ። ድመት ሹልክ ብላ ወረደች።

ወይዘሮ አልጣሽ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እውነቱን ነው?»

ስንዱ አንገቷን ደፋች። «እማዬ... ከማክሰኞ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ስነካው ያቃጥላል። ግን ያን ያህል ደክመሽበት...»

«ሦስት ቀን ሙሉ!» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅሺ ከጎንሽ ቆሜ! እኔ ለክር ብዬ የልጄን ዓመት የማቃጥል ሴት እመስልሻለሁ?» የተናገሩት ተቆጥተው ነው፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ጋቢውን ገፈፉ፣ ዳንቴሉን ገፈፉ፣ መስኮቱን በረገዱት።

ጋሽ ዘለቀ አፍረው ካቻቪቴ አመጡና ብሎኑን ፈቱ። በውስጡ ትራስ የሚሞላ አቧራ ተጋግሮ ተገኘ። ስንዱ በቀለም ብሩሽ ቀስ እያለች ጠረገችው። ማራገቢያ «እፎይ!» ብላ ተሽከረከረች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ጢጥ የለ፣ ድርቅ የለ። ጽሑፉ አንድ ቃል ሳይጎድል ወጣ። ስንዱ ቀኑን ሙሉ ጽፋ ጨረሰች፤ ዓርብ በሦስት ሰዓት ተኩል አስረከበች።

ዳንቴልስ? ሳሎን አልገባችም። ወይዘሮ አልጣሽ ለድመቷ በርጩማ ላይ አነጠፉላት፤ ሁለቱ እየተነካከሱ ይኖራሉ።

በቃ፣ የእኔ ይሄው ነው። ያ ዘመን አልፎ ዛሬ የኮምፒውተር አፍ ተዘግቷል፤ ሲጨንቀው ጢጥ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። እሱስ አፍ የለውም እንበል። አፍ ያላችሁ እናንተ ግን፣ የሚወዷችሁ ሰዎች ሳያውቁ ሲያፍኗችሁ ቆራሌው በር ላይ እስኪቆም ምን ትጠብቃላችሁ?