አህያው ሻሽ የበላ ዕለት

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በጭንቅ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን ተረት የምነግረው ለሰፈራችን ሕፃናት ብቻ ነው፤ እነሱን አላፍራቸውም። አንድ ሰው ከዘለልኩ «ትብለጥ፣ ይማምን ረሳሽው» ብለው ይመልሱኛል። ስለዚህ ማንንም ሳልዘልል ልጻፈው።

እህቴ እናኑ ሴት ልጅ፣ ሚጡን፣ ወለደች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እናኑ ናት። ልጅቷ ሦስተኛ ወሯን ስትይዝ የእናኑ ጸጉር መርገፍ ጀመረ። ማበጠሪያው ላይ ጸጉር፣ ትራሱ ላይ ጸጉር፣ ሚጡ ከእንቅልፏ ስትነቃም በጭብጧ ውስጥ ጸጉር። ባሏ ሞላ «እኔ ምንም አልታየኝም» አላት፤ ሲናገር ግን የሚያየው ጣሪያውን ነበር።

ሚጡ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ፣ ክርስትና ልትነሣ አንድ ቀን ቀረ። እናት ከወለደች በኋላ ልጇን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ያን ቀን ነው። እናኑ ግን ራሷን በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን ሌላ ሰው ይታቀፍልኝ» አለች። «በዚህ ጸጉር ሰው ፊት አልቆምም።»

«ሹሩባ ብትሠሪስ፣ እታለም?»

ሻሿን በእጇ ዳሰሰች። «ሹሩባ ብሠራማ እሄድ ነበር።»

የፈለገችው ይችን ብቻ ነው። ሮጬ ሹሩባ ሠሪዋ እትዬ ድንቄ ቤት ደረስኩ።

«የሚረግፍበት ጊዜዋ ነዋ» አለች ድንቄ። «እሠራላታለሁ። ግን በደረቁ ብጎትተው የቀረውንም እነቅለዋለሁ። መጀመሪያ ለጋ ቅቤ አምጪ።»

ቅቤ ካልመጣ ድንቄ አልሠራም አለች፤ ሹሩባ ካልተሠራ እናኑ አልወጣም አለች።

ለጋ ቅቤ የሚገኘው እማማ የሻረግ ዘንድ ነው። ሄድኩ።

«እርጎው ቅሉን ሞልቶታል፣ ልጄ» አሉኝ። «ቅሉ የሚንጠለጠልበት ጠፍር ግን ተበጠሰ። ምን ላድርግ፣ አዝዬው እሹሩሩ ልበለው? በዚህ ወገቤ?»

ጠፍር ካልተገጠመ እማማ የሻረግ አልንጥም አሉ፤ ቅቤ ካልመጣ ድንቄ አልሠራም አለች፤ ሹሩባ ካልተሠራ እናኑ አልወጣም አለች።

ጠፍር የሚሠራው አያ ይማም ነው። ሄድኩ። ከደጁ ቁጭ ብሎ አንድ የተሰበረ ወስፌ እያገላበጠ ያያል።

«ጠፍሩስ ነበረኝ» አለ። «መብሻው ነው የሌለኝ። ይኸው ጫፉ ተሰብሯል። በጥርሴ እንዳልበሳው ደግሞ...» ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። የፊቶቹ ሁለቱ የሉም። ሳቄ መጣ፤ ግን ስለማፍር ወደ መሬት አየሁ።

ወስፌ ካልሾለ ይማም አልበሳም አለ፤ ጠፍር ካልተገጠመ እማማ የሻረግ አልንጥም አሉ፤ ቅቤ ካልመጣ ድንቄ አልሠራም አለች፤ ሹሩባ ካልተሠራ እናኑ አልወጣም አለች።

ወስፌውን ይዤ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ጋሽ አበጋዝ ሄድኩ።

«ይቺን ማሾል ለእኔ ምን አላት» አለ። «ከሰል ነው ያጣሁት። ሰዓዳ ሦስት ቀኗ ነው ከተራራው ካልወረደች። ቀዝቃዛ አመድ ላይ ወናፍ ብነፋ አመዱን የምንጋራው እኔና አንቺ ነን።»

ከሰል ካልወረደ አበጋዝ አላሾልም አለ፤ ወስፌ ካልሾለ ይማም አልበሳም አለ፤ ጠፍር ካልተገጠመ እማማ የሻረግ አልንጥም አሉ፤ ቅቤ ካልመጣ ድንቄ አልሠራም አለች፤ ሹሩባ ካልተሠራ እናኑ አልወጣም አለች።

ተራራውን ወጣሁ። «እትዬ ሰዓዳ» ብዬ ከበር ተጣራሁ። ከሰል ሻጯ ሰዓዳ ባዶ ጆንያ ራሷ ላይ ደፍታ፣ የአምስት ወር ልጇን አዝላ ከጓሮ ወጣች።

«አትሳቂ» አለችኝ።

«አልሳቅኩም።»

«ሻሼን አጥቤ አጥሩ ላይ ባሰጣው ይሄ አህያ በላብኝ።»

«ሙሉውን?»

«ጫፉ ቀርቶት ነበር። ሮጬ ስደርስ እያየኝ ዋጠው። ራሴን ሳልሸፍን ገበያ ወርጄ አላውቅም፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ... ነይ እይው።» ጆንያውን ገለጥ አደረገችልኝ። ከግንባሯና ከጆሮዋ በላይ ልክ እንደ እናኑ ሳስቷል። «ይህ ሦስተኛ ልጄ ነው። በወለድኩ ቁጥር ይረግፋል፣ በወለድኩ ቁጥር መልሶ ይበቅላል። ይኸው ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።» እውነቷን ነው፤ ግንባሯ ላይ አጫጭር ጸጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አህያው ከዛፉ ሥር ሆኖ አሁንም ያላምጣል።

ሌላ ሻሽ የት አገኛለሁ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እናኑ ራስ ላይ ነው። ቁልቁል ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እንዲህ አልኩ፦

«እታለም፣ ሻሽ ካልተገኘ ሰዓዳ አልወርድም አለች፤ ከሰል ካልወረደ አበጋዝ አላሾልም አለ፤ ወስፌ ካልሾለ ይማም አልበሳም አለ፤ ጠፍር ካልተገጠመ እማማ የሻረግ አልንጥም አሉ፤ ቅቤ ካልመጣ ድንቄ አልሠራም አለች፤ ሹሩባ ካልተሠራ አንቺ አልወጣም አልሽ።»

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ስናገር ሰምታኝ ስለማታውቅ አፏን ከፍታ አየችኝ።

«የሰዓዳ ሻሽ የት ሄደ?»

«አህያው በላው።»

«አህያው...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከወለደች አምስት ወሯ ነው። የእሷም ረግፏል። ግን እየበቀለላት ነው፤ እዚህ ጋ፣ እንደ ጫጩት።»

«እንደ ጫጩት?»

«ጫጩት ነው የሚመስለው፣ እታለም።»

ያኔ ሳቀች። ሚጡ በሳቋ ነቃች። እናኑ እጇን ወደ ራሷ አነሣች፤ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችው። ከሻሹ ጋር አንድ እፍኝ ጸጉር አብሮ ወረደ። አየችው፣ አራገፈችውና «በይ ለሰዓዳ አድርሺላት» አለችኝ።

ሻሹ ሲደርስ ሰዓዳ ወረደች፤ ከሰሉ ሲወርድ አበጋዝ አሾለ፤ ወስፌው ሲሾል ይማም በሳ፤ ጠፍሩ ሲገጠም እማማ የሻረግ ናጡ፤ ቅቤው ሲመጣ ድንቄ መጣች።

ድንቄ እናኑን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ቅቤውን ቀባቻት። «ሥሩን አላጠብቀውም፤ ላላ አድርጌ ነው የምሠራልሽ» አለቻት። ቀስ ብላ ሠራች። ሹሩባው ቀጭን ነበር፤ በመሃል በመሃሉም የራሷ ቆዳ ይታያል።

«ሰው ያየዋል?» አለች እናኑ።

«ያየዋል። የወለደች ሴት ናት ይላል።»

በማግስቱ ጠዋት ሹሩባው ተሠርቶ እናኑ ወጣች። ሚጡን ታቅፋ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ነጠላዋን ተከናንባ የሚጡን ክርስትና ቆማ አየች። ከሰዓት በግብዣው ላይ ሰዓዳ በጥቁሩ ሻሽ አጊጣ መጣች፤ ሁለቱ ጥግ ይዘው ግንባር ለግንባር ሲተያዩና ሲስቁ ዋሉ።

ሁሉንም አመሰግናለሁ። ድንቄን ስላልጎተተች፣ እማማ የሻረግን በዚያ ወገባቸው ስለናጡ፣ ይማምንና አበጋዝን ሌላ ሥራቸውን ትተው ስለሠሩልኝ፣ ሰዓዳን ጆንያውን ስለገለጠችልኝ። አህያውንም አመሰግናለሁ። እሱ ሻሹን ባይበላ ኖሮ እናኑ ሻሿን አትፈታም ነበር።

በግብዣው ላይ አንዲት ጎረቤት «ይህን ሁሉ ማን ሮጠልሽ?» ብላ እናኑን ጠየቀቻት። እኔ እንደ ልማዴ ከእናኑ ጀርባ ተደብቄ ነበር። እጄን ይዛ ወደ ፊት ሳበችኝና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ «እህቴ ናት» አለች።

ለልጆቹ ስነግራቸው እዚህ ላይ አቆማለሁ። አንዳንዴ ግን «ትብለጥ፣ አልደከመሽም? ለምን ይህን ያህል ሮጥሽ?» ይሉኛል። «መሽቷል፣ ግቡ» እላቸዋለሁ።

ለማንም ያልተናገርኩት ይህ ነው። ከክርስትናው አንድ ሳምንት በፊት እናኑ ራሷን ገልጣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። የክፍሌ ልጆች ደብተር ሊመልሱልኝ መጡ። አንዷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ያቺ ራሷ የተመለጠው ማናት? እህትሽ ናት እንዴ?» አለችኝ። እናኑ ከእኛ ብትርቅ አምስት እርምጃ ነው።

«አይደለችም» አልኩ። «እንግዳ ናት።»

እናኑ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ጥቁሩን ሻሽ ያሰረችው ያን ዕለት ነው። ሰምታኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።