መጽሐፍ አክባሪው ርዕሰ መምህር

ርዕሰ መምህር ወንድይፍራው መጽሐፍ አክባሪ ሰው ነበሩ። ለትምህርት ቤቱ በስጦታ የመጡትን ስልሳ መጻሕፍት የተማሪ እጅ እንዳያቆሽሽባቸው በመስታወት ቁም ሳጥን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ተመስገን፣ በሦስት ዓመት አንዲት ገጽ አልታጠፈችም።

ታዲያ የወረዳ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ ተማሪው ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ በሚገልጽበት የንባብ ቅጽ ላይ የሚሞላውን ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ጻፉለት፦ «ዐሥራ ሁለት መጻሕፍት አነበብኩ፤ እጅግም ተደሰትኩ።» ሁሉም ገለበጠ። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ልጅ ብቻ፣ «ምንም አላነበብኩም፤ ዕቅዴ አንድ ማንበብ ነው» ብላ ጻፈች።

ርዕሰ መምህሩ ደማቸው ፈላ። እንግዶቹ ፊት አስጠሯትና ወደ ቁም ሳጥኑ እየጠቆሙ፣

«አንቺ ሰነፍ! ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮልሽ? በይ፣ ያ ቀዩ ስለ ምን እንደሚያወራ ንገሪን። ካላወቅሽ ነገ ወላጅ ሳታመጪ በዚህ በር እንዳትገቢ!» አሏት።

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ እኔ በመስታወቱ የሚታየኝ ርዕሱ ብቻ ነው። ቁልፉ እርስዎ ጋ ስለሆነ፣ እርስዎ ይንገሩን» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ቀዩን መጽሐፍ አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው አዩት። እንግዶቹ ይጠብቃሉ።

ልጅቱ ሳታዝንላቸው አልቀረችም።

«ግድ የለም ጋሼ» አለቻቸው፤ «አባቴ ነገ የእኔ ወላጅ ሆኖ ሲመጣ፣ ለእርስዎም እናትዎን በመንገዱ ይዞልዎት ይመጣል።»