እትዬ አህያና የጀግና ውሃ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት በሚያስተምሩበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር በበቀለ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር የምታስተምር እትዬ አህያ የምትባል መምህርት ነበረች። ጆሮዋ ረጅም ስለሆነ የተማሪ ሹክሹክታ አያመልጣትም፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከጆሮዋም ይረዝማል። በእሷ ትምህርት ቤት የአንበሳ ደቦል ከፍየል ግልገል ጎን ተቀምጦ ይማራል። መናከስ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣው የአገሩ አለቃ አያ አንበሶ ስለሆነ ደፍሮ የሚጥሰው አልነበረም።

የአያ አንበሶ ልጅ ናደው ይባላል። ስሙ ሲጠራ ተራራ የሚንድ ይመስላል እንጂ፣ ናደው ሊያገሳ አፉን ሲከፍት የሚወጣው እንደ ድመት ቀጭን ድምፅ ነው። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ሆድ ይብሰዋል። ለአባቱ ሊነግረው ሲሞክር «የአንበሳ ልጅ አያለቅስም!» ስለተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም መናገር ትቷል።

ከሾላው ባሻገር፣ ከቋጥኙ ሥር ባለው ዋሻ፣ አያ ጅቦ ይኖራል። የአያ ጅቦ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሆዱ ነው።

«አንተ ቀበሮ፣» አለ አንድ ቀን ለጎረቤቱ ለጋሼ ቀበሮ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ «ያ ሁሉ ለስላሳ ሥጋ ደብተሩን ይዞ በፊቴ ሲመላለስ እያየሁ፣ እስከ መቼ ነው ደረቅ አጥንት የምቆረጥመው?»

«ለምን ሮጠህ አትይዝም?»

«እነሱም ይሮጣሉ እኮ! አንዱን ልይዝ ስል ሌላው ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰምቶ አያ አንበሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የምሮጠው እኔ ነኝ።»

ጋሼ ቀበሮ ጢሙን ዳሰሰ። «እንግዲያው መሮጥ የማይችሉ እናድርጋቸዋ! ጭኑን ለእኔ ከተውክልኝ መላው ቀላል ነው።»

መላው እንዲህ ነበር። ከቋጥኙ አናት ላይ እንደ ገንዳ የጎደጎደ ቦታ አለ። የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞበታል፤ የበሰለ የዶቅማ ፍሬ እየረገፈ ገብቶበታል፤ ከስንጥቁ የንብ ማር ይንጠባጠብበታል። ይህ ሁሉ ተብላልቶ የሚያሰክር ጉሽ ሆኗል። ጋሼ ቀበሮ አንድ ጊዜ ቀምሶት ዛፉ ሁሉ መንታ መንታ ሆኖ ታይቶታል።

ናደው አንድ ከሰዓት ልጆች ስቀውበት ለብቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ጋሼ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣ።

«ምነው የኔ አንበሳ፣ ምን ሆነሃል? ና እስቲ፣ የጀግና ውሃ ላቅምስህ። አንድ ጊዜ የጠጣ ድምፁ ነጎድጓድ ይሆናል።»

«እትዬ የማታውቁትን ነገር አትጠጡ ብለውናል።»

«እሳቸውማ አህያ ናቸው! አህያ ስለ ጀግንነት ምን ያውቃል? ደግሞ ሁሉም ጠጥቷል።»

«ማን ማን?»

«ሁሉም ነዋ! የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ፈሪ ካልሆንክ አንዴ ጎንጨት በል።»

ናደው ጎንጨት አለ። ጣፈጠው። ሆዱ ሞቀው፤ ቁመቱ የጨመረ መሰለው፤ ኀዘኑም ለጊዜው ራቀለት። በማግሥቱ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። ድንቡሼ የምትባለው የፍየል ግልገል፣ ሽታው ባይደላትም፣ ከጓደኞቿ እንዳትለይ ብላ ጠጣች። ትንሿ ጦጢትም ጠጣች። ጥቂት ቆይቶ ጦጢት ቅርንጫፍ ልትይዝ ስትል አየር ጨብጣ ወደቀች፤ ክንዷ ወለም አለ። ድንቡሼ ቤቷ የምትሄድ መስሏት ወደ ወንዙ ወረደች፤ እግሮቿ ተጠላልፈው ውሃው ውስጥ ገባች። ውሃው እያዳፋ ወሰዳት። ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ደግነቱ አያ አንበሶ እዚያው አካባቢ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ነበር። ዘሎ ገብቶ ግልገሏን በማጅራቷ ነክሶ አወጣት። አያ ጅቦም የአንበሳ ጠረን ሲሸተው ተሹለክልኮ ጠፋ፤ ማንም አላየውም።

ልጆቹ ናደው ወደ ቋጥኙ ወስዷቸው እንደጠጡ ሲሰማ፣ ወላጆች ሁሉ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አገሩ ተናወጠ።

«ትምህርት ቤቱ ይዘጋልን!» አለች የጦጢት እናት።

«ልጄን ከእነ ናደው ይለዩልኝ!» አለች እናት ፍየል እያለቀሰች።

አያ አንበሶ አፍሮም ተቆጥቶም ነበር። «የጠጣ ሁሉ ይገረፋል፤ የኔው ልጅ ቀድሞ! ዙሪያውንም በእሾህ እናጥራለን!»

ከኋላ የተቀመጠው ጋሼ ቀበሮ ብድግ አለ። «ልክ ነው፣ ጌታዬ! ይገረፉ! ልጅ ካልተገረፈ ምን ሰው ይሆናል?» የተገረፈ ልጅ ሁለተኛ ለወላጁ እንደማይናገር ጋሼ ቀበሮ ጠንቅቆ ያውቃል።

እትዬ አህያ ሁሉም እስኪረጋጋ ጠበቀችና ተነሣች። «አያ አንበሶ፣ አጥሩ ዛሬ ይጠብቃቸው ይሆናል። አድገው አገር ሲዞሩስ እሾህ ተሸክመን እንከተላቸዋለን? ግርፋቱም ቢሆን የሚያስተምራቸው መደበቅን ነው። እባክዎ እስከ መኸር ጊዜ ይስጡኝ።»

«እምቢ ብለው ቢጠጡስ?»

«ያን ጊዜ እኔ ማስተማሩን ትቼ ወደ ጭነት ሥራዬ እመለሳለሁ።»

አያ አንበሶ ልጁን አየት አድርጎ «ይሁን» አለ።

በማግሥቱ ልጆቹ ቁጣ ጠብቀው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። እትዬ አህያ ግን በክብ አስቀመጠቻቸውና «እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ውሃው ይጣፍጣል?» ብላ ጠየቀች።

ልጆቹ ተያዩ። ድንቡሼ በቀስታ፣ «ይጣፍጣል፣ እትዬ» አለች።

«ይጣፍጣል እንጂ! ባይጣፍጥ ማን ይታለል ነበር?» አለች እትዬ አህያ። ከዚያም ጉሽ እግርን እንዴት እንደሚያስር፣ ዓይንን እንዴት እንደሚያታልል፣ ሲደጋገም ደግሞ ያለ እሱ ደስታ የሌለ እንዲመስል እንደሚያደርግ ሳትደብቅና ሳታጋንን ነገረቻቸው። አስፈራርታ አላስለቀሰቻቸውም። ጋሼ ቀበሮ ናደውን እንዴት እንዳግባባውም ከልጆቹ ሰማች፤ ከጀርባው አያ ጅቦ መኖሩን ግን አላወቀችም።

ቀጥላ ያደረገችውን ግን ማንም አልጠበቀም። ደረቅ ሣር ጠቅልላ ጅራቷ ላይ አሰረች፤ ዓይኗን አጠበበች፤ ወገቧን እየሰበቀች፣ «ኑ እስቲ የኔ አንበሶች፣ ሁሉም ጠጥቷል እኮ!» እያለች መካከላቸው ተንጎራደደች። እንዲያ ያለ ወፍራም ቀበሮ ታይቶ አይታወቅም! ልጆቹ በሳቅ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ።

«አሁን መልሱልኝ!» አለች እየሳቀች።

መጀመሪያ ቀን መልስ ጠፋ። «ፈሪ ነሽ እንዴ?» ስትባል ድንቡሼ ምላሷ ታሰረ። በሌላው ቀን «አልፈልግም» አለች፤ ግን መሬት መሬት እያየች ነበር። እትዬ አህያ «ቀና በይ፤ ጥፋተኛው አንቺ አይደለሽም» አለቻት። ቀናት ሲያልፉ ጨዋታውን ወደዱት። አንዱ ሲደናገር ሌላው ጎኑ ቆሞ ያግዘዋል፤ «ና፣ እንሂድ» ብሎ ይጎትተዋል፤ ወዲያው ሮጠው ለትልቅ ሰው ይናገራሉ። እምቢ ማለትን እንደ ዘፈን ተለማመዱት፤ ለእትዬ የቀበሮን ጅራት ማሰር ተራ እስኪጋፉ ድረስ።

ናደው ብቻ አልተጫወተም። አንድ ቀን ሁሉም ሲሄዱ እትዬ አህያ አጠገቡ ሄዳ ዝም ብላ ሣር መጋጥ ጀመረች። ምንም አልጠየቀችውም። በመጨረሻ ራሱ ተናገረ።

«እትዬ፣ ድምፄ አይወጣም። ሁሉም ይስቁብኛል። እዚያ የሄድኩት ለድምፄ ብዬ ነው።»

«ለአባትህ ነግረኸዋል?»

«የአንበሳ ልጅ አያለቅስም ይለኛል።»

«እንግዲያው እኔ ዘንድ አልቅስ፣ ልጄ። እኔ አህያ ነኝ፤ ሸክም ልማዴ ነው።»

ናደው አለቀሰ። ልቡ እስኪቀለው አለቀሰ። ከዚያ እትዬ አህያ «ስለ ድምፅ ካነሣህ ግን የኔን ስማ» ብላ እንዲያ እየጎተተች ስታናፋ፣ ዕንባው ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በክብ እየተቀመጠ የከበደውን ነገር ይናገር ጀመር። ደንቡ አንድ ነው፤ በተናጋሪው አይሳቅም። ናደው ስለ ድምፁ ተናገረ። ጦጢት ከወደቀች ወዲህ ዛፍ መውጣት እንደምትፈራ ተናገረች። ድንቡሼ «ጓደኛ እንዳላጣ ስል የማልፈልገውን አደርጋለሁ» አለች። ስቀውበት የነበሩት ልጆች ናደውን ይቅርታ ጠየቁት፤ ናደውና ድንቡሼም ጦጢትን ከታች ከታች ባለው ቅርንጫፍ ማለማመድ ያዙ።

መኸር ሲቃረብ አያ ጅቦ ርሃቡ ጠናበት። «ዛሬ ካላመጣሃቸው አንተኑ እበላሃለሁ!» አለው ቀበሮን። እሱ ከቋጥኙ ጀርባ ተደበቀ፤ ጋሼ ቀበሮም ወደ ሾላው ሄደ። ልጆቹ ሲጫወቱ አገኛቸው።

«ናደው፣ የኔ አንበሳ! ጠፋህብኝ እኮ። ና፣ የጀግናው ውሃ በስሏል።»

«አልፈልግም፣ ጋሼ ቀበሮ» አለ ናደው ቀና ብሎ።

«ምነው? ፈሪ ሆንክ እንዴ?»

«አዎ፣ ብዙ ነገር እፈራለሁ። ትናንትና ለክፍሉ ሁሉ ነግሬአለሁ» አለ ናደው ፈገግ ብሎ።

ጋሼ ቀበሮ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። ወደ ድንቡሼ ዞረ። «አንቺስ? ሁሉም ጠጥቷል እኮ!»

ይህን ሲል ልጆቹ በአንድ ጊዜ በሳቅ አውካኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና» አለች ድንቡሼ፣ «እትዬ ከእርስዎ የተሻሉ ቀበሮ ናቸው! ወገብዎን ትንሽ ሰበቅ ማድረግ ይቀርዎታል።»

ልጆቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዞረው ሄዱ። ጦጢት ቀድማ ሮጣ ለእትዬ አህያ ነገረች፤ እትዬ አህያም አያ አንበሶንና ወላጆቹን ጠርታ ሾላው ሥር መጣች፤ ጋሼ ቀበሮም ገና እዚያው ነበር።

ከቋጥኙ ጀርባ ደግሞ አያ ጅቦ ልጆቹ ዞረው ሲሄዱ አይቶ በራሱ ሐሳብ ተጠምዷል። «ልጆቹ ካልጠጡት ይህ ሁሉ ማር ሊበላሽ ነው?» አለና ወደ ቋጥኙ አናት ወጥቶ አፉን ገንዳው ውስጥ ደፍቶ ላፈው። ጭላጩን እንኳ አላስቀረም። ከዚያ ሊወርድ ሲል አራት እግሮቹ ስምንት ሆኑበት። እየተንገዳገደ፣ እየዘፈነ፣ ሾላው ሥር ደረሰና የአያ አንበሶን ጎፈር አቀፈ።

«እታለም፣ ሹሩባሽ እንዴት ያምራል!» አለው።

አያ አንበሶ በመገረም ጆሮውን አቆመ።

«ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ» አለ አያ ጅቦ ስቅ እያለው፣ «ልጆቹን አስክረን ልንበላቸው ነው። መላው የቀበሮ ነው፤ ጭኑም የእሱ ነው። ለአንቺ ግን ጎድን አስቀምጥልሻለሁ።»

ወላጆቹ ሁሉ ወደ ጋሼ ቀበሮ ዞሩ። «ይገረፉ!» ሲል የነበረው ጋሼ ቀበሮ ሊሾልክ ሲል ጅራቱ ከአያ አንበሶ መዳፍ ሥር ነበር።

ሁለቱ ያን ገንዳ በድንጋይ እንዲደፍኑት ተፈረደባቸው። አያ ጅቦ ራሱን እየፈለጠው፣ ቀበሮም እየተነጫነጨ፣ ድንጋይ ሲያግዙ ዋሉ። ሥራው ሲያልቅ ከወንዙ ማዶ ተባረሩ።

አያ አንበሶ ልጁን ለብቻው ጠራው። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ሲከፋህ ለምን አልነገርከኝም?»

«የአንበሳ ልጅ አያለቅስም ስላልከኝ፣ አባባ።»

አያ አንበሶ ልጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ አቀፈው። ከዚያ ወደ እትዬ አህያ ሄደ። «እትዬ፣ እኔ ማዘዝ እንጂ መስማት አላውቅበትም። ለትልልቆችም ታስተምሪያለሽ?»

«ነገ ጠዋት ይምጡ፤ ብቻ እንዳያረፍዱ» አለችው።

አላረፈደም። ሌሎቹንም ወላጆች አስከትሎ መጥቶ በልጆቹ መካከል ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ተራው ሲደርሰው ግራና ቀኙን አየ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ…» አለ አያ አንበሶ፣ «እኔ ጉንዳን እፈራለሁ።»

ደንብ ደንብ ነውና ማንም አልሳቀም፤ ልጆቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ሳቃቸውን ዋጡ። ከሁሉ ቀድሞ መቻል ያቃተው ራሱ አያ አንበሶ ነበር። እሱ ሲስቅ ናደው ሳቀ፤ ናደው ሲስቅ ድንቡሼና ጦጢት ሳቁ፤ እትዬ አህያም አናፋች፤ ከሾላው ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ ግር ብለው ተነሡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከክፉ መንገድ የሚመልሰው ዱላና አጥር ሳይሆን እውነቱን ነግሮ እምቢ ማለትን የሚያለማምድ መምህር፣ ጎኑ የሚቆም ጓደኛና ሆዱ ሲብሰው የሚሰማው ወላጅ መሆኑን ነው።