ሁለቱ ካቦችና የዋንዛው ቀንበር

ሁለት ሰዎች ከንፈራቸው እየሳቀ በዓይናቸው ሲመዛዘኑ ባየን ቁጥር ጣል የምናደርጋት አነጋገር አለች። ዛሬ እየሳቅን እንላታለን። መጀመሪያ በተባለችበት ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ንጉሡ ወራሽ ሳይተው ሞቶ ሁለት መሳፍንት በዙፋኑ ሲሻኮቱ ነው። በአንድ ተራራ ወገብ ላይ ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ ላይኞችና ታችኞች ይባላሉ። ተጋብተዋል፣ በወንፈል አብረው ያርሳሉ፣ ቢጣሉም በከብት ነው። አንዱ መስፍን ለላይኞቹ፣ እኔ የቋንቋችሁ ሰው ነኝ፣ ታችኞቹ ሊያጠፏችሁ ተማምለዋል ብሎ ጠመንጃ ላከላቸው። ሌላውም ለታችኞቹ ያንኑ ወሬና ያንኑ ጠመንጃ ላከ። ወሬው አንድ ዓይነት መሆኑን ያስተዋለ አልተገኘም።

ላይኞቹ ደንግጠው የድንጋይ ካብ ካቡ። ታችኞቹ ደግሞ፣ ንጹሕ ሰው ምን አስካበው ብለው ፊት ለፊቱ ሌላ ካቡ። መካከል ላይ የእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ጎጆ ብቻ ቀረች። እማሆይ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚናገሩ ከሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ጠፋ።

ሁለቱም በየካባቸው ማጮለቂያ ቀዳዳ ትተዋል። ከላይኞቹ ወገን የሆነው ደምለው አንድ ቀን በቀዳዳው ሲያጮልቅ ከወዲያኛው ካብ አንድ ዓይን አፈጠጠበት። ይኸው እየሰለሉን ነው ብሎ ለጎረቤቱ አወራ። ያ ዓይን የአበልጁ የጓንጉል ነበር፤ የደምለውን ልጅ አያልነህን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ጓንጉልም ቤቱ ገብቶ ያንኑ ቃል ተናገረ።

የአያልነህ ሰርግ ደረሰ። ደምለው አበልጁን ልጥራ አልጥራ እያለ ሲብሰለሰል ከርሞ ተወው። በአገሩ ወግ ግን የክርስትና አባት ለሙሽራው ቀንበር ጠርቦ ይሰጣል፣ ለዚህም ጥሪ አይጠብቅም። የጓንጉል ሚስት አትሂድ ብላ እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነውም እምቢ አለ።

«እኔ ያነሳሁት ልጅ ያለ ቀንበር ጎጆ አይወጣም» አላት።

ካፊያ ስለነበር የዋንዛውን ቀንበር በጋቢ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመና የታችኞቹን ካብ ተሻገረ። ደምለው በቀዳዳው ያየው ግን በጋቢ የተሸፈነ ረጅም ነገር የተሸከመ ሰው ነው። ማን ነህ ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ተኮሰ።

ጓንጉል እማሆይ ደጃፍ ወደቀ። ቀንበሩ ከጋቢው ተንሸራቶ ሲወጣ ደምለው አየ፤ ጠመንጃውን ጥሎ እየጮኸ ወደ አበልጁ ሮጠ። ታችኞቹም ሲሮጥ አይተው መጣብን ብለው ተኮሱ፤ እሱም እዚያው ቀረ። በሳምንቱ መሳፍንቱ ጦር ይዘው ደረሱ፣ አገሩም ሰባት ዓመት ነደደ።

ሲበርድ የተረፉት ሁለቱ ካቦችና በመካከላቸው ያለችው የእማሆይ ጎጆ ብቻ ነበሩ። አያልነህ ያንን ቀንበር ተሸክሞ መጣና እማሆይን፣ ከሁለቱ አባቶቼ የጀመረው ማንኛው ነው ብሎ ጠየቃቸው። እማሆይ በበትራቸው ወደ ካቦቹ አመለከቱት። ፀሐይ ወጥቶ ነበርና ከወዲህም ከወዲያም ካብ እባቦች አንገታቸውን አውጥተዋል፤ አንዱም ወደ ሌላው አይሄድም፣ አንዱም ዓይኑን አይነቅልም።

«ምኑን ልንገርህ ልጄ» አሉት፣ «እባብ ለእባብ፣ ይተያያል ካብ ለካብ።»