የጋሽ ደምሰው ጽሑፍና አጥር ላይ የቆመው አውራ ዶሮ

ተረት ልጀምር ነው። ማዛጋት ያማረው ካለ አሁኑኑ አዛግቶ ይጨርስ። ጨረሳችሁ? እሺ።

ደሴ ውስጥ ጋሽ ደምሰው የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ እጁ በስተርጅና እስክሪብቶ ጨበጠና ስለ ረዳቱ ስለ ሽመልስ ጻፈ። ሽመልስ ማለት ለቀስተኛ አሳፍሮ አስቆ የሚያወርድ ረዳት ነበረ። ታዲያ ሞተ። ልጅ የለው፣ ፎቶ የለው። «እኔም የሄድኩ ቀን ሽመልስ የሚባል ሰው መኖሩን ማን ያውቃል?» አለ ጋሽ ደምሰው። የፈለገው አንዲት ነገር ናት፤ ሽመልስን የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሽመልስን ያንብብለት።

ጽሑፉን በፌስታል ጠቅልሎ አቶ ሰይፈሚካኤል ጋ ሄደ። አቶ ሰይፈሚካኤል የደራሲ ወኪል ነው፤ የወደደውን ጽሑፍ ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ከአሳታሚ ጋር የሚከራከር።

«እባክህ አንብብልኝ።»

«የጀርባ አስተያየት አለው?»

«የምን ጀርባ?»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የታወቀ ሰው ‹ግሩም ነው› ካላለ ማን ይገዛዋል? አስተያየት ከሌለው አልቀበልም።»

«ማንም ያላነበበውን ማን ግሩም ነው ይለዋል?»

«እሱን እንግዲህ ከታወቀው ሰው ጋር ተነጋገሩ።»

ሄደ ወደ መምህር አጥናፉ። መምህሩ መጽሐፍ ያሳተሙ፣ ከተማው ሁሉ ባርኔጣ የሚያነሳላቸው ሰው ናቸው።

«መምህር፣ አስተያየት ይጻፉልኝ። አስተያየት ከሌለ ወኪሉ አይቀበልም፣ ወኪሉ ካልተቀበለ ሽመልስ መቅረቱ ነው።»

«እኔ እንደ ሌሎቹ ሳላነብ አላሞግስም። መነጽሬ ደግሞ እግሩ ወልቋል። አንተንም ያወቅሁህ በድምፅህ ነው።»

መነጽሩን ተቀብሎ ሄደ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ኑረዲን።

«ኑረዲን፣ መነጽር ጠግንልኝ። መነጽሩ ካልተጠገነ መምህሩ አያነቡም፣ መምህሩ ካላነበቡ አስተያየት የለም፣ አስተያየት ከሌለ ወኪሉ አይቀበልም፣ ወኪሉ ካልተቀበለ ሽመልስ መቅረቱ ነው።»

«ወላሂ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይቺን ብሎን ታያታለህ?»

«አላያትም።»

«እኔም በመከራ ነው። ልክ ላስገባት ስል ያ አውራ ዶሮ አጥሩ ላይ ሆኖ ይጮሃል፣ እጄ ይዘላል፣ ብሎኗ ትጠፋለች። እሱን ዝም አሰኝልኝና እጄ ይረጋል።»

ሄደ ወደ ዶሮው።

«አንተ ዶሮ፣ ዝም በል! አንተ ዝም ካላልክ የኑረዲን እጅ አይረጋም፣ እጁ ካልረጋ መነጽሩ አይጠገንም፣ መነጽሩ ካልተጠገነ መምህሩ አያነቡም፣ መምህሩ ካላነበቡ አስተያየት የለም፣ አስተያየት ከሌለ ወኪሉ አይቀበልም፣ ወኪሉ ካልተቀበለ ሽመልስ መቅረቱ ነው።»

ዶሮው በአንድ ዓይኑ አየው። «ኩኩሉ! በባዶ ሆድ ምን ብዬ ዝም ልበል? ድሮ እትዬ ከድጃ ምስር ስትለቅም የወዳደቀው የኔ ነበር። አሁን መልቀም ትታለች። አንተ ቢርብህ ዝም ትላለህ?»

እውነቱን ነው። ሄደ ወደ እትዬ ከድጃ። እጇን አጣጥፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ምስሩ በጆንያው፣ ሰፌዱ ባዶውን።

«እትዬ ከድጃ፣ ባክሽ ምስር ልቀሚ። አንቺ ካልለቀምሽ ዶሮው አይበላም፣ ዶሮው ካልበላ ዝም አይልም፣ ዝም ካላለ የኑረዲን እጅ አይረጋም፣ እጁ ካልረጋ መነጽሩ አይጠገንም፣ መነጽሩ ካልተጠገነ መምህሩ አያነቡም፣ መምህሩ ካላነበቡ አስተያየት የለም፣ አስተያየት ከሌለ ወኪሉ አይቀበልም፣ ወኪሉ ካልተቀበለ...»

«ትንፋሽ ውሰድ አንተ ሹፌር፣ ቁልቁለት ላይ አይደለህም! እኔ የምለቅመው ራዲዮኔ ትረካ ሲያወራልኝ ነው። ጨዋታ ከሌለ እጄ አይላወስም። ራዲዮኑ ደግሞ ተበላሽቶ ዘጋኝ። ልመናህን ለሱ አድርገው።»

አደረገው። «አንተ ራዲዮ፣ አውራ! አንተ ካላወራህ ከድጃ አትለቅምም፣ ከድጃ ካልለቀመች ዶሮው አይበላም፣ ዶሮው ካልበላ ዝም አይልም፣ ዝም ካላለ የኑረዲን እጅ አይረጋም፣ እጁ ካልረጋ መነጽሩ አይጠገንም፣ መነጽሩ ካልተጠገነ መምህሩ አያነቡም፣ መምህሩ ካላነበቡ አስተያየት የለም፣ አስተያየት ከሌለ ወኪሉ አይቀበልም፣ ወኪሉ ካልተቀበለ ሽመልስ መቅረቱ ነው!»

ራዲዮኑ «ኽርርር» አለና ጸጥ።

ከዚህ በኋላ የሚለመን የለም። ጋሽ ደምሰው ፌስታሉን አቅፎ ከድጃ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱም፣ ተስፋውም አለቀ።

«ምንድን ነው እንደ ጨቅላ ያቀፍከው?» አለችው።

«ሽመልስ ነው።»

«ማነው ደግሞ ሽመልስ?»

እዩት እንግዲህ፤ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ይህን የጠየቀው ሰው የለም። ፌስታሉን ፈታና ማንበብ ጀመረ። ሽመልስ የተኳረፉ አማቾችን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ መሃላቸው በግ ያሳፈረ ጊዜ፣ «ሦስታችሁም አንድ ቤት ናችሁ፣ ተጠጋጉ!» ያለ ጊዜ፣ ከድጃ ጭኗን መታች።

«በጉን? ኧረ በአላህ! ከዚያስ?» ይህን ስትል እጇ ሳታውቀው ሰፌዱን ሳበ።

ከድጃ ለቀመች፣ ምስር ወደቀ። ምስር ወደቀ፣ ዶሮው በላ። ዶሮው በላ፣ ዝም አለ።

«እትዬ፣ ዶሮው ዝም ብሏል፤ እኔ ልነሳ።»

«ወዴት? በጉ ሳይወርድ?»

በጉን እስኪያወርድ አነበበላት። ዶሮው ዝም ሲል የኑረዲን እጅ ረጋ፣ እጁ ሲረጋ ብሎኗ ገባች፣ ብሎኗ ስትገባ መነጽሩ ተጠገነ፣ መነጽሩ ሲጠገን መምህሩ አነበቡ። አንብበውም ዓይናቸውን ጠረጉና ጻፉ፦ «አውቶቡስ ውስጥ እንዳታነቡት፤ መውረጃችሁ ያልፋችኋል።»

አስተያየቱ ሲገኝ ወኪሉ ተቀበለ። «ውጭ ተቀመጥ ጋሼ፣ አንድ ገጽ ልየው» ብሎ በሩን ዘጋ።

ጋሽ ደምሰው አግዳሚው ላይ ሆኖ ጆሮውን ጣለ። አንድ ገጽ ተገለጠ። ሌላም ተገለጠ። ከዚያ ከውስጥ አንዲት ሳቅ አመለጠች። ሌላም ተከተለቻት። ይሄኔ ወረቀት የያዘ ባለጉዳይ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ቀጠሮ ነበረን!»

«ቆይ ወንድሜ!» አለ ወኪሉ ከውስጥ፣ ሳቁ እያነቀው። «ሽመልስ ገና ሰው እያሳፈረ ነው!»

ጋሽ ደምሰው ጠጋ ብሎ ለእንግዳው ቦታ ለቀቀለት። «ቁጭ በል ልጄ» አለው። «እሱ ሳይሞላለት አይነሳም።»

የኔም መንገድ እዚህ ጋ ነው። ወራጅ አለ!