በእግሩ የመጣ ልጅ

ያ ደን ሥርዓት ያለው ደን ነበር። አንበሳ ከኮረብታው ጫፍ ካለው ምንጭ ይጠጣል፤ ጅብ ከኮረብታው ሥር ወንዝ ዳር ቆዳ ያለፋል፤ የቀረው አውሬ ሁሉ ደግሞ ጅብ ቆዳ ያጠበበትን ውሃ ይጠጣል። የአንበሳን ምንጣፍ የሚያቀርበው ጅብ ስለሆነ ስለ ውሃው ሽታ ደፍሮ የሚያወራ አልነበረም።

የሕፃናቱ ጉልበት መላላት ሲጀምር ግን አንበሳ ቀበሮን የጤና ሹም አድርጎ ሾመ፤ አዋጅም አስነገረ። አዋጁን ሲሰሙት ደስ ይላል፦ ውሃው ጎድቶታል የተባለ ልጅ ሁሉ ይመረመራል፤ መታመሙ ከተረጋገጠ ቤተሰቡ በሙሉ ከላይኛው ምንጭ እንዲጠጣ ይፈቀድለታል። ምርመራው የሚካሄደው ኮረብታው ላይ፣ በዙፋኑ ፊት ነው። በዙፋኑ ፊት ታዝሎ መቅረብ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ነውር ነው።

ድኩላ ጉልበቱ የከዳውን ልጇን አዝላ ኮረብታውን ወጣች። ቀበሮ በር ላይ አስቆማት።

«ይውረድና በእግሩ ይምጣ።»

«በእግሩ መምጣት ቢችልማ እኔን ምን አመጣኝ፣ ጌታዬ?»

«ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ እመቤት። እስካሁን የመረመርኳቸው ሁሉ በእግራቸው ነው የመጡት። አንድም የታመመ አላገኘሁም።»

ድኩላ ልጇን እንዳዘለች ከበሩ ራቀች። ወደ ታች ተመልሳ ያንን ውሃ ልታጠጣው ደግሞ አልሆነላትም። ኮረብታው ወገብ ላይ ቁጥቋጦ ሥር አረፈች፤ ቋጥኝ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እያጠጣችው ሰነበተች። ልጁ መጀመሪያ ቆመ፤ እየተንገዳገደም መራመድ ጀመረ። ክረምቱ ወጥቶ ቋጥኙ ሲደርቅ፣ ሌላ መሄጃ ስላልነበራት ልጇን አስከትላ ወደ ዙፋኑ ወጣች።

አውሬው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀበሮ አጎንብሶ የልጁን ጉልበት ዳሰሰ።

«ጤነኛ ነው» አለ።

«የዳነው እኮ ከወንዙ ስላልጠጣ ነው!» አለች ድኩላ። «ወደዚያው ከመለሳችሁኝ ይሞትብኛል።»

ልጆቹን የቀበረው ከርከሮ ከኋላ ተነሣ። «እውነቷን ነው፣ ጌታዬ። የኔዎቹ ሳይመረመሩ የሞቱት እዚህ ድረስ መምጣት አቅቷቸው ነው።»

«ካልመጡማ አልታመሙም ነበር ማለት ነው» አለ ጅብ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ይህ ልጅ በፊት መራመድ ይችል ነበር?»

«አይችልም ነበር፣ ግርማዊ ሆይ።»

«አሁንስ?»

«በእግሩ መጥቷል።»

«እንግዲያው ምርመራችን ልጅ አዳነ ማለት ነው» አለ አንበሳ፤ ይኸው በአዋጅ እንዲነገር አዘዘ።

ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ከርከሮ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ፤ ጅብ ዞር ብሎ ሲያየው ግን እሱም እልል አለ።

ድኩላ ከምንጩ የመጠጣት ፈቃድ ሳታገኝ፣ የዳነ ልጇን ይዛ ወረደች። ወንዙ ሲታየው ልጁ በቅርቡ በጸናው እግሩ ሮጦ ቀደማት፤ መሮጥ በመቻሉ ደስ ብሎታል። ውሃው ዳር ቆሞ ዞር አለ።

«እማ፣ ጠማኝ። ልጠጣ?»

ድኩላ ቀና ብላ ወደ ኮረብታው አየች። እልልታው ገና አላባራም ነበር።