መስመር የሌለው ፊት

ስድስት ሕንፃ ያላቸው የሰባ ዓመቱ አቶ ድልነሳሁ የፊታቸውን ቆዳ አስወጠሩ። በቢላ እንዳይመስላችሁ፣ በማሽን ነው! ማሽኑ ቆዳውን ከሥር ያሞቀዋል፤ የሞቀው ቆዳ ደግሞ ቀስ በቀስ ይወጠራል። ከበሮ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ከዚያ ከአንዱ ሕንፃቸው ሥር ከበሮ ወደሚሠራው ተከራያቸው ሄዱና፣ «ልጅህን ስጠኝ፣ ላግባት። አርጅተዋል እንዳትለኝ! ፊቴ ላይ አንዲት መስመር ካገኘህ እተዋታለሁ። ሳታገኝ እምቢ ካልክ ግን ሱቁን ትለቃለህ» አሉት።

ልጅቷ ከሱቁ ጥግ ሆና አባቷን በዓይኗ ለመነችው።

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ግንባራቸውንም ጉንጫቸውንም መረመረ። «እውነትም አንድም የለም! ለጋ ወጣት!» አለ።

አቶ ድልነሳሁ ጉንጫቸውን እያሻሹ ተኩራሩ።

«እምቢ አላልኩም፣ ልጄ» ሲል ቀጠለ ከበሮ ሠሪው፤ «ግን በአገራችን ለጋ ወጣት ለራሱ ሚስት አይጠይቅም። ሂድና አባትህን ሽማግሌ ይላኩልኝ በላቸው።»